ግሥና መስተዋድዱ፦ በጅግጅጋ የእንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ሳናየው ያለፍነው ነገር



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በጅግጅጋ ሳስተምር የፈጸምሁት ስሕተት ነው። አንድ የሶማሊ ተማሪ «ስለ ችግሩ ተናገርን» ለማለት ፈልጎ በእንግሊዝኛ «ቶክ ፍሮም» ብሎ ጻፈ። ግድየለሽነት መስሎኝ በቀይ ሰረዝሁት፤ ነጥቡንም ቀነስሁ። ለምን እንዲያ እንደ ጻፈ ግን አልጠየቅሁትም።

መልሱ ሶማሊኛው ውስጥ ነበር። ሶማሊኛ «ኡ»፣ «ኩ»፣ «ካ» እና «ላ» የሚባሉ አራት መስተዋድዶች አሉት። «ካ» የእኛን «ከ»ንም «ስለ»ንም ይሸፍናል፤ «ካ ሀደል» ማለት «ስለ እርሱ ተናገር» ማለት ነው። ተማሪው ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ወሰደ እንጂ ዝም ብሎ አልገመተም። እኛም «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ማለት ስለ ለመድን «ዲስከስ» ከሚለው ግሥ ቀጥሎ «አባውት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው ግን አይፈልገውም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጅግጅጋ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1948 በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስትቆይ የአስተዳዳሪዎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። ሶማሊኛ በሶማሊያ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው በ1972 ነው፤ በአገራችን በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማር መብት በፖሊሲ የጸናው ደግሞ በ1994 ነው። ያም ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሶማሊ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው በአማርኛ ድልድይ ነበር።

ድልድዩ ያስከፈለው ዋጋ ምንድን ነው? በአማርኛ መስተዋድድ ከስም ጋር ይጣበቃል፦ «በቤት»፣ «ከገበያ»። በሶማሊኛ ግን ስሙ ብቻውን ይቆምና መስተዋድዱ ከግሡ ፊት ይጠጋል። በእንግሊዝኛም የትኛው መስተዋድድ እንደሚከተል የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ግሡ ነው። እንግዲህ መስተዋድድን ከግሥ ጋር አጣምሮ ማሰብ ለሶማሊ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ከእኔ ይልቅ ለእርሱ ይቀርበዋል። እኔ ግን የራሴን መንገድ አስተማርሁት።

ቃላቱን አንድ በአንድ ከመተርጎም ግሡንና መስተዋድዱን እንደ አንድ ቃል ማስጠናት ይሻላል። በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ቀዩን ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ተማሪውን «በቤታችሁ እንዴት ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።