የተወጋ አይረሳም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ተረቱን ለሰው ያህል ተረትነው እንጂ ባክቴሪያም እንደሚሠራበት ያወቅነው ገና ትናንት ነው።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓን ውስጥ ነው። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቹ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አንድ ጂን ሲያነቡ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። አንድ ዓይነት የዲኤንኤ ቁራጭ ይደጋገማል፤ በየመሀሉ ደግሞ እርስ በርሱ የማይመሳሰል ሌላ ቁራጭ ይገባል። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ሞሂካ ግን ነገሩን አልተወውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ በሚኖር ሌላ ጥቃቅን ተሕዋስ ላይ ያንኑ ድግግሞሽ አይቶ፣ አሥር ዓመት ያህል ተከታተለው። በ2003 ከመሀለኞቹ ቁራጮች አንዱን ከታወቁ የዲኤንኤ መዝገቦች ጋር አመሳከረ። ቁራጩ ኢ. ኮላይን ከሚያጠቃው ፒ1 ከተባለ ቫይረስ ጋር ገጠመ። ይህን ቁራጭ የያዘው የኢ. ኮላይ ዝርያ ደግሞ በፒ1 የማይጠቃ ነበር!

ባክቴሪያው የጠላቱን ዲኤንኤ ቆርሶ በራሱ ውስጥ አስቀምጧል ማለት ነው። ጠላት ሲመለስ ያውቀዋል፤ ለልጆቹም ያወርሳል። ሞሂካ ይህን ጽፎ ቢልክ ኔቸርን ጨምሮ በርካታ መጽሔቶች መለሱለት። የታተመለት በ2005 ነው።

ማረጋገጫው የመጣው ከእርጎ ቤት ነው። በ2007 ዳኒስኮ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች እርጎና አይብ የሚሠራውን ባክቴሪያ በቫይረስ አስጠቁት። የተረፉት ከቫይረሱ የተወሰደ አዲስ ቁራጭ ጨምረው ተገኙ። ቁራጩ ሲወጣ መከላከያውም አብሮ ጠፋ።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2012 ኤማኑኤል ሻርፓንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና ይህንኑ የባክቴሪያ መሣሪያ በፈለጉት ቦታ ዲኤንኤ እንዲቆርጥ አደረጉት፤ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በ2023 ደግሞ እንግሊዝና አሜሪካ ሲክል ሴል ለተባለው የደም በሽታ በክሪስፐር የተሠራ ሕክምና ፈቀዱ። ሞሂካ ከተሸላሚዎቹ መሀል አልነበረም።

እኛ ወጣቶች አንድ ሰው የማይገባንን ነገር ሲያጠና «ምን ይጠቅማል?» ማለት ይቀናናል። በ1993 የጨው ረግረግ ተሕዋስ ለሚያጠናው ሰው ጥያቄውን ብናቀርብለት መልስ አይኖረውም ነበር። መልሱ የደረሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ገና ላልተወለዱ ሕመምተኞች ጭምር።