ወናጎ፦ ቡናውና ባለቤቱ

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የጌዴኦዋ ወናጎ ኑሮዋ በአንድ ማሳ ላይ የተደራጀ ነው። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፤ ቡናው ገበያ ይወጣል፤ ታላላቅ ዛፎች ሁለቱንም ከፀሐይ ይጋርዳሉ።

ይህን ማሳ ያለማው የጌዴኦ ገበሬ ግን በገባር ሥርዓት ዘመን የላቡ ጌታ አልነበረም፤ ከቡናው ለባለርስቱ ድርሻ፣ በላዩም አሥራት ይቆረጥበት ነበር። ስለሆነም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጦርና ገጀራ የያዙ ገበሬዎች በሚችሌ ጠመንጃ ከታጠቁ ባለርስቶች ጋር ተፋለሙ፤ የብዙዎች ሕይወትም አለፈ። የጭሰኝነት ቀንበር በሕግ የተሰበረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነበር።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተከበረው የዚሁ ገበሬ የእጅ ሥራ ነው። የዛፉን ጥላ የሚያደንቅ ሁሉ ተካዩንም ያስታውስ ዘንድ ይገባል።