መንገድ ቀር ቮልት

የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ቁልፉ ሲዞር ግን አሮጌዋ መኪና «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች። በእስራኤሏ ከተማ ሮሽ ሃዓይን ያለ ባለመኪና መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጽበሩን፣ ማለትም ባትሪውን ነው። ቀጥሎ ማትኔዓውን፣ አዲስ አበባ ሞተሪኖ የሚባለውን። ሦስተኛው ተጠርጣሪ በዕብራይስጥ «ማፓል ሜታሕ» ይባላል፤ በአማርኛ «መንገድ ቀር ቮልት» ብንለው ይስማማዋል። «የቮልት መውረድ» እንዳንል፣ «ባትሪ ወረደ» ሲባል የሚገባን ባትሪው ራሱ መድከሙ ነው። እዚህ ግን ባትሪው ደህና ነው፤ ከእሱ የወጣው ቮልት ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል።

የከተማዋ ሰው ነገሩን ከውኃ ያውቀዋል። በ1955 እ.ኤ.አ. ከሮሽ ሃዓይን ምንጮች ወደ ኔጌቭ በረሃ ውኃ ሲላክ 66 ኢንች ስፋት ያለው ቧንቧ ነው የተዘረጋለት፤ ያን ያህል ውኃ በጠባብ ቧንቧ ቢገፋ ግፊቱ መንገድ ላይ ባለቀ ነበር። የመኪና ገመድም እንዲሁ ነው። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ሲጋገር፣ ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ገመድ ሲላላ ወይም መዳቡ ከላስቲኩ ሥር ሲበላ መንገዱ ይጠባል።

ታዲያ መብራቱ ለምን ይበራል? ዝገቱ የፈጠረው መሰናክል 0.01 ኦም ብቻ ነው እንበል። 5 አምፔር ገደማ የሚወስድ አምፖል በዚያ ሲያልፍ የሚያጣው 0.05 ቮልት ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሞተሪኖው ግን በትንሽ የቤንዚን ሞተር እንኳ 150 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል፤ በዚያው ዝገት ላይ 1.5 ቮልት ይቀርበታል። ቆማ ባለች መኪና ላይ ቴስተር ደግኖ 12.6 ቮልት አይቶ «ሁሉ ደህና» ማለት ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። የሚለካው ሞተሪኖው እየሳበ ሳለ ነው።

ማርሽ ላይ አለመሆኗን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ንቀሉ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ የእርሳስ ጫፍ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም፣ ዝገቱ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው)፣ ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበት ብሎን ላይ ያዙ፤ ሌላ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ቁልፉን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ቀጥሎ ቀዩን የሞተሪኖው ገላ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጋችሁ ድገሙ፤ እዚህ ከ0.2 ብዙ መብለጥ የለበትም። ሰው የሚረሳው ይህን የመልስ መንገድ ነው፤ በአሮጌ መኪና ደግሞ ቀድሞ መታየት የሚገባው እሱ ነው።

ዝገቱን በሙቅ ውኃ፣ በቢካርቦኔትና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ኔጋቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል።

ሁለቱም ንባቦች ትንሽ ሆነው፣ ሞተሪኖው እየሳበ ሳለ የባትሪው የራሱ ቮልት ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው ላይ ከ10 በላይ እየደረሰ ካልዞረ ግን ያኔ ሞተሪኖው ይፈታና ይፈተሽ።