ደላላው ወደ ኢንተርኔት ሲገባ

መሪ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ ሠፈር ለሚገባ ሰው ቀድሞ ሰላም የሚለው የቤት ደላላ ነው። ‹‹ኪራይ ነው ግዢ?›› ይላችኋል ገና እጃችሁን ሳይለቅ። በልማድ ከሽያጭ 2 በመቶ፣ ከኪራይ 10 በመቶ ይወስዳል። በመቶኛው ላይ እምብዛም ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሳው ሁለት ደላሎች አንዱን ደንበኛ ‹‹እኔ ነኝ ያመጣሁት›› ሲሉ ነው። ያኔ የጀበና ቡና ሻጯ ሳትቀር ለምስክርነት ትጠራለች።

ይሄን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ሰሞኑን እዚያው ሠፈር የማውቀው አንድ ልጅ ‹‹የኦንላይን ሥራ ላስገባህ›› ብሎ ካፌ ቀጠረኝ። ስሙ አፊሊየት ማርኬቲንግ ነው አለኝ። መመዝገቢያ ትከፍላለህ፣ ሦስት ሰው ታስገባለህ፣ እነሱም ሦስት ሦስት ያስገባሉ… ‹‹የሚሸጠው ምንድን ነው?›› ብዬ ጠየቅኩት። ‹‹እሱን ከገባህ በኋላ ታውቀዋለህ›› አለኝ። ስሙ የእውነተኛ ሥራ ስም ነው፤ እሱ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ድርሻ መውሰድ በእኛ አካባቢ ከባቡሩ ቀርቶ ከአዲስ አበባም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው በዘይላ በኩል ነበር። በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ‹‹አባን›› ጽፏል። በሶማሌ ምድር እንግዳ ሰው ያለ አባን አይንቀሳቀስም፤ አባኑ ጠባቂው ነው፣ አስተርጓሚው ነው፣ ደላላው ነው። ከሽያጩ ሁሉ ድርሻ አለው፤ ቀለቡና ማደሪያውም በእንግዳው ላይ ነው። (ከመሪ ደላላ ይወደዳል ማለት ነው!) ያም ሆኖ ሸቀጡ ካልተሸጠ የሽያጭ ድርሻ የለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 56 ለደላላ ቦታ ሰጠው። ራሱን ችሎ የሚሠራ፣ እንደ ሽያጭና ኪራይ ያለ ውል እንዲዋዋሉ ሰዎችን ፈልጎ የሚያገናኝ ባለሙያ ነው። አሁንም አንድ ዕቃ፣ አንድ ገዢ፣ አንድ ሻጭ።

ኢንተርኔት የጨመረው ምስክሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሮዲጂ በሚባል የኮምፒውተር መረብ ላይ የአበባ ሱቅ የከፈተው አሜሪካዊ ዊሊያም ቶቢን ደንበኛ ላመጣለት ኮሚሽን መክፈልን ካስጀመሩት አንዱ ነው። በሐምሌ 1996 አማዞን በሩን ለሁሉም ከፈተ፤ ድረ ገጽ ያለው ሰው መጽሐፍ ይጠቁማል፣ ሊንኩን ተጭኖ የገባ አንባቢ ከገዛ ጠቋሚው ድርሻውን ያገኛል። (እኛ ጋ ኢንተርኔት የገባው ከስድስት ወር በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው።) ማን እንዳመጣው የሚያስታውሰው ‹‹ኩኪ›› የተባለ፣ ኔትስኬፕ ውስጥ በ1994 የተፈጠረ ትንሽ ፋይል ነው። የቡና ሻጯን ቦታ ያዘ ማለት ይቻላል፤ የእሷ ትዝታ ግን ይረዝማል፤ የአማዞኑ በተለምዶ 24 ሰዓት ነው። ደግሞ መሪ ላይ ቀድሞ ያሳየ ሲከራከር፣ ኢንተርኔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው የመጨረሻው ሊንክ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ደላላ ለመሆን የከፈለ ሰው አላየንም። የልጁ ሥራ ሌላ ስም አለው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ወይም ዕቃ ገዝቶ፣ በሚያስገባቸው ሰዎች ቁጥር ሽልማት የሚያገኝበትን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል።

ትክክለኛውን መሞከር የምትፈልጉ አንድ ነገር ቀድማችሁ አጣሩ፦ ኮሚሽኑ እንዴት ይደርሳችኋል? የውጭዎቹ ሒሳብ በዶላር ነው፤ በየትኛው መንገድ ኢትዮጵያ እንደሚከፍሉ ሳታነቡ ወር ሙሉ ሊንክ መበተን ልፋት ብቻ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመርጠው የሠፈር ሱቅ ነው። ጫማ ወይም መጽሐፍ የሚሸጥ የምታውቁት ሰው ካለ ዕቃውን በቴሌግራም አስተዋውቁ፣ በመቶኛውን በጽሑፍ ተስማሙ፣ የላካችሁትን ገዢ የሚለይ ኮድ ይኑራችሁ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ክፍያው ምሳ ሳይደርስ ይገባል። ገቢው ትንሽ ነው፣ አልዋሽም።

ይሄንኑ ለልጁም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና መመዝገቢያውን ከእህቱ ተበድሮ እንደከፈለ ነገረኝ። እስካሁን ያስገባው ሁለት ሰው ነው። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።