የስልክ ማህደረ ትውስታና የፕሮግራሞች ምክር

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር በስልክ ገንዘብ የሚልክ ሰው ጥሪ ተቀብሎ ሲመለስ፣ የከፈተው መተግበሪያ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። በአነስተኛ ስልኮች ላይ ለዚህ አንዱ ምክንያት የማህደረ ትውስታ ወይም የራም እጥረት ነው።

የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩት ሊኑክስ በተባለ ከርነል ነው። ከርነል የስርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ ማህደረ ትውስታን ገጽ በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ለፕሮግራሞች ያድላል፤ የአንድ ገጽ መጠን በአብዛኛው 4096 ባይት ነው። ቦታ ሲጠብ በቅርቡ ያልተነኩ ገጾችን ያነሳል፤ ይህም ካልበቃ ፕሮግራም ይዘጋል።

ግምቱ ግን ሊስት ይችላል። ለዘር የተቀመጠ ጤፍ ለወራት ባይነካም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። በመሆኑም ሊኑክስ «ማድቫይዝ» በተባለ ጥሪ አማካኝነት የፕሮግራሞችን ምክር ይቀበላል። እ.አ.አ በ2019 የወጣው ሊኑክስ 5.4 «ይህ ገጽ ለጊዜው አይነካም» እና «ይህን አሁኑኑ አንሳው» የሚሉ ምክሮችን ጨመረ። በ2020 የወጣው 5.10 ደግሞ አንድ ፕሮግራም ስለሌላው እንዲመክር ፈቀደ። በዚህም ከጀርባ የቆየን መተግበሪያ ሳይዘጉ ቦታ ማስለቀቅ ተችሏል።

ምክሩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ፕሮግራሙ «አልፈልገውም» ያለው ገጽ ይዘቱ ሊጠፋ ይችላል። ተጠቃሚውም ክፍያ ሲፈጽም ሌሎች ከባድ መተግበሪያዎችን ቢዘጋ ይመከራል። ክፍያው መሃል ላይ ከተቋረጠ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ከመድገሙ በፊት የማረጋገጫ መልእክቱንና ቀሪ ሂሳቡን ይመልከት።