ስንት ወረደ?

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ጉድጓድ ስለሚቆፍር ሰው አይደለም። ቆፋሪው ወሬ አያጣም፤ መቆፈሪያው ሪግ ገና ከተማ ሲገባ ልጁ ሁሉ ይከተለዋል፣ ውሃው ሲፈነዳ እልል ይባላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ የማወጋችሁ ሕዝቡ ከተበተነ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አቧራ ጠጥቶ መጥቶ፣ «ውሃው ስንት ሜትር ወርዷል?» ብሎ ስለሚጠይቀው ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ሥራውም የከርሰ ምድር ውሃ ክትትል። ስሙ ይቆየን። አገሬው እንደሆነ ቦርሳና ሜትር ይዞ ከመኪና የወረደውን ሁሉ «ኢንጂነር» ነው የሚለው፣ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ቦታው አረርቲ ነው፣ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ። ከሞጆ ተነሥታችሁ በኤጄሬ በኩል ትደርሱበታላችሁ። ጤፉን ማን ያጣዋል? ሽንብራውም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ «አረርቲ» ተብሎ በከተማዋ ስም የተጠራ ምርጥ ዘር አለው። ምድሩ እህል ላይ ለጋስ ነው፣ ውሃ ላይ ግን እጁ ይሰበሰባል። በሰሜን ከሰም ገደሉን ሰንጥቆ ወደ አፋር ይወርዳል፣ በደቡብ አገሩ ወደ አዋሽ ቆላ ያዘነብላል፤ መሐል ሜዳው ላይ ያለው ገበሬ ሁለቱንም በሩቁ ነው የሚያውቃቸው። ስለዚህ ምንጃሬ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ፣ ጂኦሜምብሬን የሚባል ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ የክረምቱን ጎርፍ ያቁርበታል። በዚያ ውሃ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል፣ ዝናቡ ሲገባ ችግኙን ወደ ማሳ ያዛውራል። ጥሩ ዘዴ ነው። ለመጠጥ ግን ኩሬ አይበቃም፤ ለመጠጥ ወደ ታች መውረድ ግድ ነው።

ወደ ታች ምን አለ? ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ጂኦሎጂስቶች ስም ሲያወጡ ሩቅ አልሄዱም፦ የጣርማ በር ባዛልት፣ የከሰም ባዛልት፣ የባልጪ ራዮላይት ብለው ጽፈውታል። ሁሉም እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ይህ ሁሉ ንብርብር ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲጠጋ በስብራት ተቆራርጧል። ስብራቱ አንዳንድ ቦታ ውሃ ያሳልፋል፣ አንዳንድ ቦታ ውሃ ያግዳል። እዚህ ተቆፍሮ ሞልቶ የወጣ ጉድጓድ፣ ማዶ ተቆፍሮ ደረቅ ይሆናል፤ የማዶው ሰው ታዲያ ቦታ መራጩን ይረግማል።

ዝናቡም ቢሆን ዕጣው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የወረደው በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከአንኮበር ገደል በስተምሥራቅ የወደቀው ለአዋሽ ነው። በስንጥቁ ሰርጎ የገባው ግን የላዩን ወሰን አያከብርም። በላይኛው አዋሽ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከጥልቁ ውሃ ከፊሉ ከዓባይ ተፋሰስ በኩል በመሬት ሥር ተሻግሮ የመጣ ነው። ተስፋዬ ቸርነት በ1980 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያን የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ ሲያወጣ ሚዛኑ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነበር፣ አንዱ ሴንቲሜትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለአገር ትልቅ ሥራ ነው። ምንጃር ሸንኮራ ግን በዚያ ካርታ ላይ ከአውራ ጣት አሻራ ብዙም አይሰፋም። አሻራው ውስጥ ያለውን ለማወቅ ሰው ራሱ መሄድ አለበት።

ኢንጂነሩ የሚሄደው ጎህ ሲቀድ ነው። ለምን በሉኝ። ፓምፑ ሲሠራ የጉድጓዱ ውሃ ይወርዳል፣ ሲቆም ቀስ እያለ ይመለሳል። እሱ የሚፈልገው ያረፈውን ውሃ ነው፤ እንዲያርፍ ደግሞ ሞተሩ መቆም አለበት። ረፋድ ላይ ሞተር አስቁሙ ቢል ቦኖው ላይ ጀሪካን ደርድሮ የቆመው ሕዝብ ምን እንደሚለው እናንተው ገምቱ። አንድ ጊዜ አርፍዶ ቢደርስ፣ አንዲት እናት ከሰልፉ ውስጥ፣ «ሌላው ኢንጂነር ውሃ ያመጣል፣ የኛው መጥቶ ያቆማል!» ብለው ሰዉን ሁሉ አስቀውበታል።

መሣሪያው ዲፕ ሜትር ይባላል። መዘውር ላይ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ከጣት የማትበልጥ ብረት አለች። ብረቷ ውሃ ስትነካ ኤሌክትሪኩ ይገጥምና ላይ ያለው መዘውር ጢጢጢ ይላል፣ መብራቱም ቦግ ይላል። ብድግ፣ ዝቅ፣ እንደገና ብድግ ያደርጋታል፤ ድምፁ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ መምጣቱን ሲያረጋግጥ የጉድጓዱ ቧንቧ (ኬዚንጉ) ከንፈር ላይ በመጋዝ ከተጫረችው ምልክት አንጻር ያነብባል። ምልክቷን ንቆ በሌላው ጠርዝ ያነበበ ሰው፣ ውሃው ሳይወርድ ሴንቲሜትሮች ወረደ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሜትሩ ከመቶ በላይ ወርዶ ውሃ የሚነካበት ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። ያን ያህል ወርዶ ሜትሩ ከፓምፑ ኬብል ጋር ከተጠላለፈ ደግሞ ቀኑ እዚያው አለቀ።

ይህ ሁሉ ታዲያ የጉድጓዱ አፍ ክፍት ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም። ፓምፕ ገጣሚው ቆሻሻም ልጅም እንዳይገባበት ብሎ ክዳኑን ዙሪያውን በይዶት ይሄዳል። የአንድ ኢንች መለኪያ ቧንቧ ከፓምፑ ጋር አብሮ ቢወርድ ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም፤ ዋጋው ከጉድጓዱ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን ውሉ ላይ አልተጻፈም፣ ያልተጻፈውን ማን ይገጥማል? እኔን ከጠየቃችሁኝ የአገራችን የከርሰ ምድር ውሃ ትልቁ ችግር ይቺ ያልተጻፈች ቧንቧ ናት። ውሃውን ማውጣት ተምረናል፣ የወጣውን መቁጠርም እንሞክራለን፤ የቀረውን የምናይበትን ቀዳዳ ነው በይደን የዘጋነው።

እንዲህ ከተበየደ ጉድጓድ አጠገብ ነው ኢንጂነሩ ሞተረኛውን ያገኘው። ሞተረኛው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ውሃው ድሮና ዘንድሮ እንዴት ነው?» አላቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ጀነሬተር ቤት ገብተው ናፍጣ የጠገበ ባለመስመር ደብተር ይዘው ወጡ። ለናፍጣ ሒሳብ ብለው የያዙት ነው፦ ቀን፣ ሞተሩ የተነሣበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ናፍጣ በሊትር፣ ታንከሩ የሞላበት ሰዓት። ዓመታት ሙሉ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት።

ኢንጂነሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አነበበው። ደብተሩ ሲጀምር ሌሊት ሞልቶ ያድር የነበረው ታንከር፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ፀሐይ እየወጣበት ነው የሚሞላው። እንግዲህ ውሃው ወረደ ብሎ መጮህ ይቻል ነበር፤ ሙያው ግን እንዲህ አያስቸኩልም። ፓምፕም ያረጃል፣ ቧንቧም ያፈሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን ይዞ በእግሩ ሄደ፤ እርጥብ መሬት፣ ያለ ወቅቱ የለመለመ ሣር አላገኘም። ከዚያ ፓምፑ የተቀየረበትን ቀን ደብተሩ ውስጥ ፈለገ፣ ሞተረኛው በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል። ከዚያ ቀን በኋላ ታንከሩ ለትንሽ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሞላ፣ ከዚያ እንደገና ማርፈድ ጀመረ። ጥፋቱ የፓምፑ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማስረጃ ነው? አይደለም። ጥርጣሬ ነው፣ ግን ቀንና ሰዓት ያለው ጥርጣሬ።

«ሳተላይት አለ እየተባለ ሜትር ይዞ መዞር ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ግሬስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች አብረው ተመጠቁ፤ ተከታትለው ሲዞሩ በመሐላቸው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፣ ያ ርቀት በስበት ምክንያት ሲጠብና ሲሰፋ ከሥራቸው ያለው ውሃ መጨመሩን መቀነሱን ያሳዩ ነበር። ድንቅ ነው። ግን እንዲህ ያሉት የሚያዩት በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚለካ አገር ነው፣ የአረርቲን ጉድጓድ ከአዋሽ ለይተው አይነግሯችሁም። እንግሊዝ አገር ቺልግሮቭ የሚባል ቦታ አንድ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። በዚያ ዓመት እኮ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ! ሥርዓት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ ሄደ፣ የጉድጓዱ መዝገብ አልተቋረጠም። ዛሬ ድርቅ ሲመጣ «እንዲህ ያለ አይተን እናውቃለን?» ብለው የሚጠይቁት መዝገቡን ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ልኩን ሲለቅ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ አትሂዱ፣ ከምንጃር ቁልቁል ወደ መተሐራ ውረዱ። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላ ከ40 አለፈ። የባቡሩን ሐዲድና የጅቡቲን አስፋልት ተጋፋ፣ ጨዋማ ውሃው ማሳ ያዘ። ምክንያቱ ከሥር የሚገባበት ውሃ መብዛቱ ነው፤ የመስኖው ስርገት ነው የሚሉ አሉ፣ የመሬቱ መሰንጠቅ ነው የሚሉም አሉ፣ ሁለቱንም የሚሉ ይበዛሉ። እንግዲህ አስቡት፣ በአንዱ ስምጥ ሸለቆ አንዱ ውሃ ራቀን ይላል፣ ሌላው ውሃ ዋጠን ይላል።

እኚያ ያሳቁበት እናት ታዲያ ሌላ ቀን ብቻውን አገኙት። ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ አይተው፣

«ልጄ፣ ይሄን ደግሞ ለምን ትወስደዋለህ?» አሉት።

«ፍሎራይድ አለበት የለበትም ለማየት ነው፣ እማማ። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል።»

«አፍልቼ ባጠጣቸውስ?»

«ማፍላት ለተሕዋስ ነው እንጂ ለሱ አይሆንም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል፣ ይበዛል።»

እናትየው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቀምሼ ባውቀው ኖሮ» አሉ። በቅምሻ አይታወቅም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ጋር ብዙ ዘመን የኖረ፣ ካልሲየም ያነሰው ውሃ ፍሎራይዱን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ወንጂ ላይ ከ10 በላይ ያለው ውሃ የጠጡ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ወገባቸው የደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር ያለ ነበሩ። ስለዚህ ጉድጓድ ጠለቀ ማለት ውሃው ጠራ ማለት አይደለም፤ የውሃው ደረጃ እየወረደበት ጠልቆ የሚቆፍር ከተማ ምን እንደሚጠጣም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ከዚያ 2017 ዓ.ም. መጣ። ፈንታሌና ዶፈን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድር ከመስከረም ጀምሮ አላርፍ አለች። የመንቀጥቀጡ መጠን ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.7፣ የካቲት 7 ምሽት 6.0 ሆኖ ተመዘገበ። ስንቱ ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። መሬት ስትናወጥ ውሃም ይሰማዋል፤ በ1956 ዓ.ም. አላስካ የተናወጠች ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጉድጓዶች ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል ተመዝግቧል፣ በሌላ አህጉርም ሳይቀር። ያን ያወቁት ታዲያ ከመናወጡ በፊት የተጻፈ ነገር ስለነበራቸው ነው። የውሃው ደረጃ ዛሬ ተለወጠ የሚለው ሰው ትናንትን ማወቅ አለበት።

ኢንጂነሩ ወደ ሞተረኛው ደወለ። «ጋሼ፣ ከመንቀጥቀጡ ወዲህ ውሃው ደፍርሷል?»

«እኔ እንጃ፣ ደብተሩ ላይ የመደፍረስ ቦታ የለም» አሉት።

እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው ጉዞ አዲስ ደብተር ይዞላቸው ሄደ። በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ ሞተረኛው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆኑ ለሳቸው ደብተር ወጪ የሚደረግበት መደብ አልተገኘም፣ ከአረርቲ ገበያ በኪሱ ገዛው። የድሮዎቹን ዓምዶች አሰመረ፣ በጠርዙ አንድ ጠባብ ጨመረ፦ ደፍርሷል? አዎ፣ አይ።

ሞተረኛው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። «ኢንጂነር፣ ጠበበኮ» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥተው የመጀመሪያውን መስመር ሞሉ። «ምን ቸገረን፣ ‹አይ›ን ከያዘ ይበቃል።»