ከግብር አዳራሽ እስከ ሽሮ ቤት

እንጀራ በወጥ አቅርቦ "ሒሳብ" ማለት በአገራችን እንደ ነውር ይታይ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጠላና ጠጅ ይሸጣል፤ ምግብ ግን የሚበላው ወይ በቤት ነው ወይ በሰው ቤት።

መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ላይ ቆሞ "የመሸበት እንግዳ" ይላል። ባለቤቱ ያስገባዋል፣ እግሩን ያጥበዋል፣ ካለው ያቀምሰዋል። የምንኮራበት ባህል ነው። ሆኖም የራሱ ዋጋ ነበረው። እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደገጠመው መናገር አለበት። የከፋው ሰው መከፋቱን ለማያውቀው ሰው እየተረከ ነው የሚጎርሰው።

ሌላው የመብያ ቦታ የግብር አዳራሽ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር። ነገር ግን የሚበላው በየማዕረጉ ነው። መኳንንቱ ቀድመው፣ ከንጉሡ አጠገብ፤ ወታደሩ በኋላ፣ በተራው። ሹመቱ የተነሳበት ሰው የወረደበትን ልክ የሚያየው ማዕድ ላይ ነው። ግብር ሆድ ይሞላል እንጂ የከፋውን ሰው አይደብቅም።

ሦስተኛውን በር በ1900 ዓ.ም. ግድም የከፈቱት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ሥራ ሲጀምር ከፍሎ የሚበላ አበሻ ጠፋ። ሲነገር በኖረው ታሪክ መሠረት ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ነው ለሰው ያሳዩት። ንጉሥ ለምግብ ሲከፍል ነውሩ ተገፈፈ።

ከዚያ በኋላ "ሆቴል" የሚለው ቃል ከፒያሳ ወጥቶ አገር ለአገር ዞረ። ዛሬም በትንንሽ ከተሞቻችን አልጋ የሌላት፣ አራት አግዳሚ ወንበር ብቻ ያላት ቤት "ሆቴል" ትባላለች። "ሉካንዳ"ም እንዲሁ ነው፤ በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ሲሆን እኛ ጋ ሥጋ ቤት ሆኖ ቀረ።

ቃሉን ያዞረው መንገድ ነው። ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ያሠሩት መንገድ ከአገሪቱ ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ ወደ አምቦ ስትሄዱ በየከተማው የምታዩአቸው ምግብ ቤቶች የዚያ ታሪክ ልጆች ናቸው። የብዙዎቹ ባለቤቶች ሴቶች ናቸው። ባሏን የፈታች ወይም የሞተባት፣ መሬት የሌላት ሴት ከተማ ገብታ በእጇ ሙያ ቆማ የኖረችው በጠላው፣ በጠጁ፣ በኋላም በእንጀራው ነው።

ባለፈው ክረምት ለአንድ ዘገባ ወንጪ ሄጄ ነበር። ሥራውን ያዘዘኝ ክፍል እዚያው ሳለሁ ደውሎ "ዘገባው ቀርቷል" አለኝ። የመኪናው ኪራይ ከኪሴ ወጥቷል፤ ዝናቡ አላባራም፤ የወንጪን ብርድ ደግሞ የቀመሰው ያውቀዋል። መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ቤት ገባሁ። እናት የሚያህሉ ሴት "ታኢ" አሉኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ሽሮ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። አጠገቤ የነበሩት ፈረስ አከራዮች "እንብላ" አሉኝ፤ እኔም የራሴን እያሳየሁ "እንብላ" አልኩ። ከዚያ ውጭ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ከመቶ ብር ያነሰ ከፍዬ ወጣሁ።

የእነዚህ ቤቶች ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የእንግዳ ተቀባዩ ቤት ታሪክህን ይጠይቃል፤ የግብር አዳራሹ ማዕረግህን። ሽሮ ቤት የሚጠይቅህ ሒሳብ ብቻ ነው። ከሰው ጋር ሆነህ ለማንም ሳታስረዳ መብላት ትችላለህ። ለከፋው ሰው ከዚህ በላይ ምን ማረፊያ አለ?

ታዲያ ወንጪን ዛሬ አገር ያወቃት በሌላ ገበታ ነው። በ2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት በተዘጋጀው "ገበታ ለሸገር" የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ የመጣው "ገበታ ለሀገር" ደግሞ ወንጪን፣ ጎርጎራንና ኮይሻን ይዞ ተነሳ። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ሎጁም ያማረ ነው፤ በሥራው የሚጠቀም የአካባቢው ሰው መኖሩንም አልክድም።

ጥያቄዬ ግን አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲያጸዳ ስንት ትንንሽ ምግብ ቤቶች አብረው እንደሄዱ አይተናል። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተሻግሯል። በፕላኑ ላይ ካፌ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ የብስክሌት መንገድ አለ። የቀን ሠራተኛው፣ የፈረስ አከራዩ፣ ሥራ የተሰረዘበት ሰው ሽሮ የሚበላበት ቦታ ግን አይታየኝም።

የሽሮ ቤቷ ባለቤት ከመንገድ ዳር ተነሥታ ርካሽ ኪራይ ካላገኘች ሌላ ቦታ አትከፍትም፤ ትዘጋለች። ስለዚህ ከተማ የሚያቅዱ ሰዎች ለእሷም በአቅሟ የምትከራየው ቦታ ይቁረጡላት። አለበለዚያ ምኒልክ ከፍለው የገፈፉትን ነውር እኛ በዋጋ መልሰን እናመጣዋለን፤ ከፍሎ መብላት እንደገና የመኳንንት ብቻ ይሆናል።